ከፕሮሰሰሩ በፊት ሞኒተሩ፦ የጌሚንግ ኮምፒውተር ገዢዎች የገለበጡት ቅደም ተከተል

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ የኮምፒውተር ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዘው ክፍል፣ ዋጋ በዓለም ገበያ በፍጥነት ናረ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የሚሞሪ ፋብሪካዎችን ምርት ቀድመው እየወሰዱት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካው አምራች ማይክሮን «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ሸማች ያቀርብ የነበረውን የራምና የማከማቻ ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። ጌም ለመጫወት ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ያሰበውን ገንዘብ ሳይነካው ራሙ ሲበላበት፣ ቀሪው በምን ላይ ይዋል የሚለው ጥያቄ ከወትሮው ከበድ ብሎ መጥቷል።

የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰር ይጀምራል። በቴሌግራም የሚለቀቁ የሽያጭ ማስታወቂያዎችን ለተመለከተ «ኮር አይ7» የሚለው የፕሮሰሰር ስም ሁልጊዜ ከላይ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ካለ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሞኒተሩ ግን ከተጠቀሰም «24 ኢንች» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ይላል። ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስነው ስክሪኑ ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑ ሳይታወቅ «የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል» ብሎ መጠየቅ የጫማ ቁጥር ሳይናገሩ ጫማ እንደ ማዘዝ ነው።

ሁለቱ ሠራተኞች

በጌም ውስጥ የምናየው እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚተካኩ የቆሙ ምስሎች ውጤት ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። አንዱን ፍሬም ለማዘጋጀት ሁለት ክፍሎች ይቀባበላሉ። ፕሮሰሰሩ የጌሙን ዓለም ያሰላል፦ ተጫዋቹ የትኛውን ቁልፍ ነካ፣ ኳሷ ወዴት ሄደች፣ ተከላካዩ ምን ይወስን፣ በዚህ ቅጽበት ምን ምን ነገር ይሣል። ግራፊክስ ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ ስክሪኑን ነጥብ በነጥብ ይቀባዋል።

ብዙው ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፦ የፕሮሰሰሩ ሥራ በሪዞሉሽን፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ በተደረደሩት ነጥቦች ብዛት፣ እምብዛም አይለወጥም። ኳሷ በትንሽ ስክሪንም ሆነ በትልቅ የምትሄድበት አቅጣጫ ያው ነው። የግራፊክስ ካርዱ ሸክም ግን ከነጥቦቹ ብዛት ጋር ያድጋል። በተለምዶ 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ አለው። 1440ፒ የሚባለው 3.7 ሚሊዮን ገደማ፣ 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ይይዛል። ከ1080ፒ ወደ 4ኬ የሚሻገር ሰው ግራፊክስ ካርዱን አራት እጥፍ ነጥብ እንዲቀባ ያዘዋል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ለውጡን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል።

ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተለውን እናስብ። አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ጌም ውስጥ በሰከንድ 110 ፍሬም ማዘጋጀት ይችላል። አብሮት ያለው ግራፊክስ ካርድ በ1080ፒ 160፣ በ1440ፒ 100፣ በ4ኬ 55 ፍሬም ይቀባል። ተጫዋቹ የሚያየው ሁልጊዜ ከሁለቱ ያነሰውን ነው፦ እንደ ቅደም ተከተሉ 110፣ 100 እና 55። አሁን ፕሮሰሰሩ በእጥፍ ዋጋ በተገዛና 170 ፍሬም በሚያዘጋጅ ሌላ ይተካ። ውጤቱ 160፣ 100 እና 55 ይሆናል። በ1080ፒ ትልቅ ልዩነት መጣ፤ በሁለቱ ስክሪኖች ግን ገንዘቡ የትም አልታየም። ማነቆ የሚባለው ይህ ነው፤ ቋሚ አድራሻ የለውም፤ ስክሪኑ ሲቀየር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዞራል።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ማነቆው የት እንደሆነ ያለ ምንም ወጪ ሊፈትሽ ይችላል። የጌሙን ሪዞሉሽን ዝቅ አድርጎ የፍሬሙን ቁጥር ማየት ነው። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ የያዘው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ነው። «ፕሮሰሰሬ 30 ከመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ችግሩ እሱ አይደለም» የሚለው የተለመደ ድምዳሜ ግን ያሳስታል። ያ ቁጥር የሁሉም ኮሮች አማካይ ነው። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ሲሆን፣ ብዙ ጌሞች ዋናውን ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ኮር ላይ ይጭናሉ። ከስምንቱ አንዱ እስከ አንገቱ ተይዞ ሰባቱ ቢያርፉ አማካዩ ዝቅተኛ ሆኖ ይታያል።

የሙከራ ሰንጠረዦቹ ጠብ

የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ አንድ አሮጌ ሙግት እንደገና ተቀሰቀሰ። ሞካሪዎች ፕሮሰሰሩን በ1080ፒ፣ በወቅቱ ከነበሩት ግራፊክስ ካርዶች ሁሉ ውዱን ገጥመው ፈተሹትና ከተፎካካሪዎቹ ርቆ ታየ። ብዙ አንባቢዎች «ይህን ያህል የሚያወጣ ካርድ ገዝቶ በ1080ፒ የሚጫወት ማን ነው?» ብለው ተቆጡ። በ4ኬ በተደረጉ ሙከራዎች ውድ የሆነውና መካከለኛው ፕሮሰሰር ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው በብዙ ጌሞች ከቁጥር የማይገባ ነበርና ቁጣው መሠረት አለው።

የሞካሪዎቹ መልስም ግን ትክክል ነው። የፕሮሰሰርን አቅም መለካት የሚቻለው ግራፊክስ ካርዱ መንገድ ሲለቅ ነው። በ4ኬ የሚደረግ የፕሮሰሰር ሙከራ የሚነግረን ስለ ካርዱ እንጂ ስለ ፕሮሰሰሩ አይደለም። የ1080ፒው ሰንጠረዥ «ይህ ፕሮሰሰር ከዚህ በላይ አይሄድም» የሚለውን ጣሪያ ያሳያል፤ ገዢው ቤት የሚያገኘውን ቁጥር አያሳይም። ጠቡ የመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ሰንጠረዥ መልስ እንዲያገኙ ስለተፈለገ ይመስላል።

በዚህ ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ለውጥ ተጨምሯል። ዛሬ «4ኬ ነው የምጫወተው» የሚል ብዙ ሰው በእውነቱ ሙሉውን 4ኬ አያስቀባም። ዲኤልኤስኤስ እና ኤፍኤስአር የተባሉት ዘዴዎች ጌሙን በአነስተኛ ሪዞሉሽን ካስቀቡ በኋላ ምስሉን አሳድገው ያቀርባሉ። ዲኤልኤስኤስ በ4ኬ ስክሪን ላይ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ምርጫ ሲሠራ ውስጡ የሚቀባው 1080ፒ ነው፤ «ኳሊቲ» በሚለው 1440ፒ ነው። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት ልክ የነበረው «4ኬ ከሆነ ፕሮሰሰር አያስጨንቅም» የሚለው ምክር ዛሬ በግማሽ ብቻ ይሠራል። ካርዱ ሸክሙ ሲቀልለት ማነቆው ተመልሶ ወደ ፕሮሰሰሩ ይመጣል።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። አማካይ ቁጥር መደናቀፍን ይደብቃል። በሰከንድ 90 ፍሬም የሚያሳይ ኮምፒውተር በየመሐሉ ለአንድ አፍታ ወደ 30 ቢወርድ አማካዩ አያሳብቅበትም፤ ዓይን ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሞካሪዎች «1 ከመቶ ዝቅተኛ» ብለው የሚመዘግቡት ቁጥር ይህን የሚለካ ሲሆን፣ ደካማ ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ሕዝብ የበዛባቸውን ከተሞች የሚያሰሉ ጌሞች፣ ለምሳሌ የባልደርስ ጌት 3 ሦስተኛ ምዕራፍ ወይም የከተማ ግንባታ ጌሞች፣ በየትኛውም ስክሪን ላይ ፕሮሰሰሩን ያስጨንቁታል።

ጊጋኸርዙ ያነሰው እንዴት ቀደመ?

ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ የሚመታውን የሥራ ምት የሚቆጥር መለኪያ ነው፤ ገዢ ሲያወዳድርም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7 7700ኤክስ እስከ 5.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ወንድሙ 7800ኤክስ3ዲ በ5.0 ይቆማል። ሁለቱም ስምንት ኮር አላቸው። ሆኖም በአብዛኛው ጌም የሚቀድመው በምት ያነሰው ነው። ልዩነታቸው ካሽ የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ግን እጅግ ፈጣን ማኅደር ነው፤ ትልቁ የካሽ እርከን በአንደኛው 32፣ በሌላው 96 ሜጋባይት ነው።

ወጥ ሠሪን ማሰብ ይበቃል። እጇ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ሽንኩርት በጎደለ ቁጥር ገበያ የምትሄድ ከሆነ ወጡ አይደርስም። ካሽ ጓዳዋ ነው፤ ራሙ ገበያው። ጌም ደግሞ በጣም የተበታተነ ዕቃ በየአፍታው የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ሰፊ ጓዳ ከፈጣን እጅ ይልቅ ይጠቅመዋል። ኤኤምዲ ይህን ተጨማሪ ካሽ በቺፑ ላይ እንደ ፎቅ መደረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 በ5800ኤክስ3ዲ ነበር። በ9800ኤክስ3ዲ ላይ ፎቁን ከኮሮቹ ሥር አደረገው፤ ኮሮቹ ወደ ማቀዝቀዣው ስለቀረቡ በተሻለ ምት መሥራት ቻሉ።

በሌላው የፕሮሰሰር አምራች በኢንቴል በኩል ያለው ታሪክ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ማስጠንቀቂያ አለው። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በ2024 በሰፊው የመቋረጥ ችግር አሳዩ። ኩባንያው ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደነበር አምኖ፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር የማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ከእነዚህ ትውልዶች ያገለገለ አይ7 ወይም አይ9 ሲገዛ የማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ሶፍትዌር፣ መታደሱን መጠየቅ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

«አይ7 ነው» የሚለው ቃል ምን ይነግረናል?

ብቻውን ብዙም አይነግረንም። አይ7 የአንድ ትውልድ ውስጥ ደረጃ እንጂ የጥንካሬ መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይ7-4770 አራት ኮር አለው፤ በ2022 መጀመሪያ የወጣው አይ3-12100ም አራት ኮር አለው፤ አዲሱ አይ3 ግን በጌም አሮጌውን አይ7 በሰፊ ርቀት ይጥለዋል። በላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከቁጥሩ በኋላ የምትቀመጠው ፊደል ከቁጥሩ ትበልጣለች። አይ7-1255ዩ በ15 ዋት እንዲሠራ የተሰናዳ የቢሮ ፕሮሰሰር ሲሆን ኃይለኛ ኮሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አይ5-12450ኤች በስሙ ዝቅ ቢልም በ45 ዋት የሚሠራና አራት ኃይለኛ ኮር ያለው ነው። ሻጭ «አይ7» ሲል የሚቀጥለው ጥያቄ «ስንተኛ ትውልድ? መጨረሻው ላይ ምን ፊደል አለው?» መሆን አለበት።

ሞኒተሩ በተለይ

የሞኒተር ሪፍሬሽ ሬት በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ይናገራል፤ በኸርዝ ይለካል። 60 ኸርዝ ላይ አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። በ144 ኸርዝ 6.9፣ በ240 ኸርዝ 4.2 ሚሊሰከንድ። ቁጥሮቹን በደንብ ላየ ሰው አንድ ነገር ይገለጣል፦ ከ60 ወደ 144 መሻገር ወደ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ያተርፋል፤ ከ144 ወደ 240 መሻገር ከ3 ያነሰ ነው። የመጀመሪያው ዝላይ ማንም ዓይን ያለው ያስተውለዋል። ሁለተኛው ለተኩስ ጌም ተፎካካሪዎች ትርጉም አለው፤ ለሌላው ሰው ግን ዋጋውን መከላከል ይከብዳል።

ሪፍሬሽ ሬት የምስል ጥራትም ነው፤ ይህ እምብዛም አይነገርም። የዛሬ ሞኒተሮች እያንዳንዱን ፍሬም እስከሚቀጥለው ድረስ አቁመው ስለሚያሳዩ፣ ዓይን እየተከተለው የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዛል። በሰከንድ 960 ነጥብ የሚጓዝ ነገር በ60 ኸርዝ ስክሪን በፍሬም 16 ነጥብ ይዘላል፣ ድብዛዜውም የዚያን ያህል ነው። በ120 ኸርዝ 8፣ በ240 ኸርዝ 4 ይሆናል፤ እርግጥ ኮምፒውተሩ ያን ያህል ፍሬም ማቅረብ ከቻለ ነው።

ካልቻለስ? ኮምፒውተሩ በሰከንድ 87 ፍሬም እያቀረበ ሞኒተሩ 144 ጊዜ ቢያድስ ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ ምስሉ መሐሉ ላይ እንደ ተቀደደ ይታያል፣ ወይም ይደናቀፋል። መፍትሔው ሞኒተሩ የማደሻ ጊዜውን ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ጂ-ሲንክ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው፣ ኤኤምዲ ደግሞ ፍሪሲንክ የሚለው ይህን ነው። መጀመሪያ ላይ የአንዱ ሞኒተር ለሌላው ካርድ አይሆንም ነበር፤ በጃንዋሪ 2019 ኤንቪዲያ ካርዶቹ ከሌሎች ሞኒተሮች ጋር እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ልዩነቱ ጠብቧል። በመካከለኛ በጀት ለሚገዛ ሰው ይህ ባሕርይ ከማንኛውም የፕሮሰሰር ማሻሻያ የበለጠ የሚታይ ለውጥ ያመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም መውጣትና መውረድ የማይቀርበትን ደካማ ኮምፒውተር ለስላሳ ያስመስለዋል።

ስለ ስክሪኑ ዓይነት በአጭሩ፦ አይፒኤስ የሚባለው ቀለሙ የታመነ፣ ከጎንም ሲታይ የማይለወጥ፣ ለአብዛኛው ሰው አስተማማኝ ምርጫ ነው። ቪኤ ጥቁሩ ጠለቅ ያለ ነው፤ በርካሾቹ ላይ ግን ጨለማ ቦታ ሲንቀሳቀስ ጭራ ይተዋል። ኦሌድ በፍጥነትም በንጽሕናም የሚስተካከለው የለም፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ያልተነቃነቀ ምስልም አሻራ ሊተውበት ይችላል። ቀን የሒሳብ ሠንጠረዥ ተከፍቶበት ማታ ጌም የሚጫወቱበት ሞኒተር ከሆነ ይህን ማሰብ ይገባል። ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው «1 ሚሊሰከንድ» (ነጥቡ ቀለም የሚቀይርበት ፍጥነት) እና «ኤችዲአር 400» (የብርሃንና የጨለማን ልዩነት የሚያሰፋ የምስል ዓይነት) ግን የሽያጭ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው በተለየ ቅንብር የተገኘ ምርጥ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የመስፈርቱ ዝቅተኛ እርከን ሲሆን የስክሪኑን ብርሃን ክፍል በክፍል የሚቆጣጠር መብራት እንኳ አይጠይቅም።

መጠንና ሪዞሉሽንም ተያይዘው መታየት አለባቸው። 24 ኢንች ላይ 1080ፒ በአንድ ኢንች 92 ነጥብ ገደማ ይሰጣል፤ በ27 ኢንች ላይ ያው 1080ፒ ወደ 82 ወርዶ ፊደሎቹ መሰባበር ይጀምራሉ። 27 ኢንች ከ1440ፒ ጋር 109 ይደርሳል፤ ዛሬ ሚዛኑን የጠበቀ ምርጫ የሚባለውም ይኸው ነው።

አሳፋሪ የሆነው ግን በጣም የተለመደው ስህተት ከምርጫ በኋላ ይመጣል። 144 ኸርዝ ሞኒተር ተገዝቶ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ቅንብር 60 ላይ ይረሳል። አለዚያ ገመዱ ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካና ውድ ካርድ ያለ ሥራ ይቀመጣል። አንዳንድ ሞኒተሮች ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚሰጡት ዲስፕሌይፖርት በሚባለው የምስል ገመድ ሲሆን፣ በቆየ ኤችዲኤምአይ ወደብ ዝቅ ይላሉ።

በኤአይ የሚጨመሩ ፍሬሞች

በጃንዋሪ 2025 የኤንቪዲያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ሁዋንግ 549 ዶላር የሚያወጣው 5070 ካርድ የቀድሞውን ውድ 4090 አቅም እንደሚሰጥ ተናገሩ። ስሌቱ የቆመው ካርዱ በተቀቡት ፍሬሞች መሐል በኤአይ እስከ ሦስት ተጨማሪ ፍሬም መፍጠሩ ላይ ነው። እነዚህ ፍሬሞች በፕሮሰሰሩ ስሌት አላለፉም፤ የተጫዋቹን ቁልፍም አያውቁም። ስለዚህ 60 እውነተኛ ፍሬም ወደ 200 ሲበዛ እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል፣ ለእጅ ግን የ60 ወይም ከዚያ ትንሽ የዘገየ ስሜት ይሰጣል። ቴክኖሎጂው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ 240 ኸርዝ ስክሪን ላይ ትረካን የሚከተል ጌም ለሚጫወት ሰው ጥሩ ጌጥ ነው። ደካማ ፕሮሰሰርን የሚያድን መድኃኒት አድርጎ መቁጠር ግን ስህተት ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ስሌት

ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲስ ዕቃ ከብዙዎች እጅ ሲርቅ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮችና «ስላይትሊ ዩዝድ» ላፕቶፖች ዋናው መንገድ ሆነዋል። እዚህ ላይ የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ከፍጥነት ውጭ ሌላ ትርጉም ይዞ መጣ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በግርድፉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከራይዘን 2000 ወዲህ ያሉትን ሲሆን፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ይፋ ባልሆነ መንገድ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ከተኩስ ጌሞች ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤምን፣ ባትልፊልድ 6 ደግሞ ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተረጋገጠ ሶፍትዌርን የሚከለክል ቅንብር) ስለሚጠይቁ፣ በርካሽ የተገዛው አሮጌ አይ7 አቅሙ ቢበቃ እንኳ በር ላይ ሊመለስ ይችላል።

የሁለቱ ዕቃዎች ጉዞም ይለያያል። ፕሮሰሰር ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ኪስ ይገባል። 27 ኢንች ሞኒተር ግን በሻንጣ አይታሰብም፤ ቢታሰብም በደኅና መድረሱ ዕጣ ነው። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ምርጫ የጠበበው በሞኒተሩ በኩል ነውና ፍለጋው ከዚያ ቢጀምር፣ ፕሮሰሰሩም በተገኘው ስክሪን ልክ ቢታዘዝ ይሻላል። 60 ኸርዝ ስክሪን ብቻ ከተገኘ በሰከንድ 60 ፍሬምን ሳይደናቀፍ የሚይዝ መካከለኛ ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰር ይበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ለካርዱ ወይም ለራሙ ይዋል። ራሙ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ቢሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚጎትት ይፈጥናል።

«ኢንተርኔታችን በዚህ ፒንግ ፈጣን ሞኒተር ምን ያደርጋል?» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ከአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው መካከለኛው ምሥራቅ ወይም አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ስለሆነ፣ የኔትወርኩ መዘግየት፣ ማለትም ፒንጉ፣ ፈጣኑ ሞኒተር ከሚያተርፈው 10 ሚሊሰከንድ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በፉክክር ጌም ላይ ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም መዘግየቶቹ ይደመራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፤ የምስሉ ጥራት ደግሞ ከፒንግ ጋር ግንኙነት የለውም። ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ኳስ ለሚጫወት ሰው ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ሙሉ ኮምፒውተር አንድ ነገር ይቀራል። ሞኒተሮችና አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸውን ያስተካክላሉ። በቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ ግን 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ 115 ላይ እንዳለች እዚህ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካች የተመረጠው ፕሮሰሰር ሳይነሳ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል።